መቶ ቶን የጠፋበት አኃዝ

ሸዋሮቢት ላይ ሽንኩርት ሲደርስ አይሱዙዎች በየማሳው ዳር ይሰለፋሉ። ጫኞቹ ጆንያውን ብድግ ሲያደርጉት ሚዛኑ ሳይናገር ቀድመው ይናገራሉ። «ወላሂ ይሄ ሰማንያ አይሞላም» ይላል አንዱ። ሚዛኑ መቶ ካለ ሰውየው የሚጠረጥረው ሚዛኑን ነው። ከሥሩ ድንጋይ ገብቶ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ባዶውን ዜሮ ይል እንደሆነ ያጣራል። አንድ ጆንያ ሽንኩርት ምን ያህል መክበድ እንዳለበት ጀርባው ያውቀዋል፤ ስንት ዓመት ተሸክሞታላ።

ሽንኩርቱን ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ሾፌርም እንደዚያው ነው። 1,280 ሜትር ላይ ካለችው ሮቢት ተነሥቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲያቃስት፣ እሱም ማርሽ ሲያወርድ፣ የተጫነው ነገር ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ይበልጥ እንደሆነ እግሩ ይነግረዋል። ከባሰ ጥግ ይዞ ይቆማል። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋል።

ትልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን የሚያበር ሰው እንዲህ ያለ ጀርባም እግርም የለውም። አውሮፕላኑ ስንት እንደሚመዝን የሚያውቀው በቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን ደግሞ የሚጽፈው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2009 ማታ የኤምሬትስ አየር መንገድ ኤርባስ ኤ340-500 ከአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ወደ ዱባይ ሊነሣ ተዘጋጀ። 257 መንገደኞችና 18 የበረራ ሠራተኞች ተሳፍረዋል። የአውሮፕላኑ ክብደት 362.9 ቶን ነበር። ረዳት አብራሪው የመነሻ ስሌት በሚሠራበት ላፕቶፕ ላይ 262.9 ብሎ ጻፈ። በ3 ፈንታ 2። መቶ ቶን በአንድ ጣት ጠፋ ማለት ነው፤ ሃያ አይሱዙ ሙሉ ሽንኩርት ቢቆጠር ነው።

ላፕቶፑ ምንም አላለም። 262.9 ቶን ለሚመዝን ኤ340 አውሮፕላን ትክክለኛውን ፍጥነትና ትክክለኛውን የሞተር ኃይል አስልቶ ሰጠ። ስሌቱ እንከን አልነበረበትም፤ የሌላ አውሮፕላን ስሌት ሆነ እንጂ።

አውሮፕላኑ ተንደረደረ። «አንሣ» ሲባል አብራሪው መሪውን ሳበ፤ አፍንጫው ቀና አለ፣ ጎማው ግን መሬት አልለቀቀም። ጅራቱ አስፋልቱን መታ። መንደርደሪያው እያለቀ ነበር። ካፒቴኑ የሞተሩን እጀታ እስከ መጨረሻው ገፋው። አውሮፕላኑ ከአስፋልቱ ጫፍ አልፎ፣ ከመንደርደሪያው ማዶ የተተከለ መብራትና አንቴና ሰብሮ ተነሣ። ነዳጁን ባሕር ላይ አፍስሶ ተመልሶ አረፈ። የሞተ ሰው የለም።

የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደኅንነት ቢሮ ምርመራውን እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ይፋ ሲያደርግ «ማን ተሳሳተ?» በሚለው ብቻ አልቆመም። አንድ ሰው አኃዝ መሳሳቱ የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው በዚያ ክፍል ውስጥ አራት አብራሪዎች እያሉ 262 የሚለው ቁጥር ለአንዳቸውም አለመጎርበጡ ነው። መርማሪዎቹ ካገኟቸው ምክንያቶች አንዱ ቁጥር ከመጻፍ ጋር ግንኙነት የለውም። የበረራ ቡድኑ በቀደሙት ሁለት ወራት በተለያዩ አውሮፕላኖችና መስመሮች ሲበር ያያቸው የመነሻ ክብደቶች ከ150 እስከ 370 ቶን ይደርሱ ነበር። ዛሬ 180፣ ነገ 340፣ ከነገ ወዲያ 260። እንዲህ በሆነበት ሥራ 262 የትናንት ቁጥር ይመስላል። «ይሄ አይሞላም» የሚል ስሜት የሚፈጠረው አንድ ነገር ደጋግሞ በመሸከም ነው። የሮቢቱ ጫኝ አንድ ቀን ጥጥ፣ አንድ ቀን ብረት ቢጭን ኖሮ እሱም ሚዛኑን ዝም ብሎ ያምን ነበር።

የኤምሬትስ በረራ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አይደለም። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2003 ኦክላንድ ላይ የሲንጋፖር አየር መንገድ ቦይንግ 747 በዚሁ ዓይነት የመቶ ቶን ስሕተት ጅራቱን አስፋልት ላይ አስግሮ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2004 ደግሞ ጋና ውስጥ የተመዘገበ የኤምኬ አየር መንገድ የጭነት 747 ከካናዳዋ ሃሊፋክስ ሲነሣ ተከሰከሰ። ሰባቱም የበረራ ሠራተኞች ሞቱ። ቀደም ሲል አሜሪካ ውስጥ ካለው ብራድሌይ ሲነሱ የተጠቀሙበት ክብደት በኮምፒውተሩ ላይ ሳይለወጥ ለሃሊፋክስ መዋሉ የምርመራው ማጠቃለያ ነበር። ከመቶ ቶን በላይ ልዩነት። ሰዎቹ ረጅም ሰዓት የሠሩ፣ ሌሊቱን ያልተኙ ነበሩ።

ስሕተቱ ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት ስሌቱ ምን እንደሚሰጥ ማወቅ ይጠቅማል። አብራሪዎቹ ክብደቱን፣ የአየሩን ሙቀት፣ ነፋሱን፣ የመንደርደሪያውን ርዝመትና ከፍታ ያስገባሉ። መልሱ በሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛው ፍጥነት ነው፤ እስከ የትኛው ፍጥነት ድረስ ፍሬን ይዞ መቆም እንደሚቻል፣ በየትኛው ፍጥነት አፍንጫውን ማንሣት እንደሚገባ። ሁለተኛው የሞተር ኃይል ነው፤ ብዙ ሰው የማያውቀውም ይህን ነው። አውሮፕላን በአብዛኛው በሙሉ ኃይሉ አይነሣም። ሞተር ውድ ነው፤ ካልተጨነቀ ዕድሜው ይረዝማል። ስለዚህ ለዚያ ክብደትና ለዚያ መንደርደሪያ የሚበቃው ያህል ብቻ ይታዘዛል። ክብደቱ በስሕተት ሲያንስ ሁለቱም አብረው ያንሳሉ። አውሮፕላኑ ባነሰ ኃይል ይጎተታል፤ ክንፉ ገና ሊሸከመው በማይችልበት ፍጥነት ላይም «ተነሥ» ይባላል።

ሜልቦርን ላይ ካፒቴኑ እጀታውን ሲገፋ የመጣው ኃይል ከዚያው ተቆጥቦ የቀረ ኃይል ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም። ሞተሩ የሚተነፍሰው ጥቅጥቅ ያለ አየር ነበር፤ ያልተጠቀመበት ጉልበትም ነበረው።

ቦሌ ግን 2,334 ሜትር ላይ ነው።

በዚህ ከፍታ ሞቅ ባለ ቀን አየሩ ከባሕር ጠረፉ አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ከሦስት ወገን ያጠቃል። ሞተሩ የሚያገኘው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ መሮጥ አለበት፤ በባሕር ጠረፍ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ላይ የሚነሣ አውሮፕላን ቦሌ ላይ ጎማው 320 ገደማ መሽከርከር ይኖርበታል። ሩጫው ከተቋረጠም ፍሬኑ የሚያቆመው ይህንኑ የበዛ ፍጥነት ነው። የቦሌ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ያህል የሚረዝመው ለጌጥ አይደለም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን ዕዳ በየቀኑ ይከፍላል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፤ ሲመለስ ግን ሳያርፍ ይመጣል። ነፋሱም የራሱ ድርሻ አለው፤ ትልቁ ምክንያት ግን የዋሽንግተኑ ደለስ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በታች ላይ ሲሆን ቦሌ ተራራ ላይ መሆኑ ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የታሰበው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ስለዚያ ፕሮጀክት ክርክሩ ስለ ገንዘቡና ስለሚነሡት ገበሬዎች ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። 400 ሜትሯ ግን ከክርክሩ ውስጥ መጥፋት አልነበረባትም።

ወደ ስሕተቱ ስንመለስ፣ ከቦሌ በከባዱ የተጫነ አውሮፕላን ሲነሣ ከሞተሩ የሚታዘዘው ኃይል ቀድሞውኑ ወደ ጣሪያው የተጠጋ ነው። ለክፉ ቀን የተቀመጠው ትርፍ ትንሽ ነው። ሜልቦርን ላይ 275 ሰው ያተረፈው የእጀታ ግፊት በሳሳ አየር ውስጥ ያንኑ አይሰጥም። ባሕር ጠረፍ ላይ አንድን አኃዝ መሳሳት ጅራት ያስልጣል፤ ደጋ ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ሙቀትም ከፍታን ይጨምራል። ይህ አነጋገር ለማያውቀው ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ይፋትን ለሚያውቅ ግን ቀላል ነው። ሮቢት 1,280 ሜትር ላይ ብትሆንም፣ በበጋ ቀትር ሙቀቱ 33 ዲግሪ ሲደርስ አየሯ ለክንፍ የሚሰጠው አገልግሎት በመደበኛ ሁኔታ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለ አየር የሚሰጠውን ያህል ነው። ቆላዋ በፀሐይ ብቻ ወደ ደጋ ትወጣለች። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ምሥራቅ አማራን ሲወር መድኃኒት ይረጩ እንደነበሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች ያለ ሥራ፣ ጠዋት የሚነሣበት ጭነት ቀትር ላይ ሊከብድ የሚችለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሙቀት በስሌቱ ውስጥ ከክብደት ያላነሰ ቦታ አለው። እሱም በእጅ ይጻፋል።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2017 ከቤልፋስት ወደ ግሪኳ ኮርፉ ሊበር የተዘጋጀ ቦይንግ 737 ውስጥ የውጭው ሙቀት 16 ዲግሪ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈው ከዜሮ በታች 52 ነው። ሰማይ ላይ ከፍ ብሎ የሚጠበቀው ብርድ መሬት ላይ ላለው ቦታ ገባ። ኮምፒውተሩ አየሩ እጅግ ቀዝቃዛና ጥቅጥቅ ያለ መሰለው፤ «ብዙ ኃይል አያስፈልግም» አለ። 185 ሰው የጫነው አውሮፕላን እያዘገመ ሄዶ ከመንደርደሪያው ጫፍ አልፎ የቆመ መብራት በጎማው ገጭቶ ተነሣ። በሐምሌ ወር በአየርላንድ ምድር ከዜሮ በታች 52! ልጅ ቢሰማው የሚስቅበት ቁጥር ነው። ማሽኑ ግን አይስቅም።

አንዳንዴ ስሕተቱ አብራሪው ጋ የሚደርሰው በሌላ እጅ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ፊርማ ይዞ ነው። የ2020ው የእንግሊዝ ጉዳይ ለአማርኛ ተናጋሪ በተለይ ይገባዋል። ቱይ የተባለው አየር መንገድ በኮቪድ ወቅት የመንገደኛ መመዝገቢያ ሥርዓቱን አሻሻለ። ፕሮግራሙ የተጻፈበት አገር «ሚስ» የሚለውን መጠሪያ ለሕፃን ልጅ ይጠቀምበታል፤ እንግሊዝ ውስጥ ግን ያላገባች ሴት ራሷን «ሚስ» ብላ ትመዘግባለች፤ እኛ «ወይዘሪት» እንደምንለው። ሥርዓቱ ወይዘሪቶቹን ሁሉ ሕፃናት አደረጋቸው። ለአንዲት አዋቂ ሴት የሚያዘው 69 ኪሎ 35 ሆነ። ጁላይ 21 ቀን 2020 ከበርሚንግሃም ወደ ስፔኗ ፓልማ በተነሣ 737 ላይ 38 ሴቶች እንዲህ ተቆጠሩ፤ አውሮፕላኑ በሰነድ ላይ ከተጻፈው ከ1,200 ኪሎ በላይ ከብዶ በረረ። ችግሩ ቀድሞ ታውቆ በእጅ ይታረም ነበር፤ የዚያን ቀን እርማቱ አመለጠ። አደጋ አልደረሰም፤ ልዩነቱ በመጠባበቂያው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። የስም ማዕረግ ትርጉም ወደ ክንፍ ሸክም ሲለወጥ ግን ያስደነግጣል። ስሟ በአንድ ወረቀት ላይ በሦስት ዓይነት የላቲን ፊደል የተጻፈባት፣ የልደት ቀኗ ካንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው ሲሻገር ዓመት የተጨመረባት ወይም የተቀነሰባት የአጣዬ ልጅ ይህ ታሪክ አይገርማትም።

እግረ መንገድ፣ ስለ ሻንጣም አንድ ነገር መነሣት አለበት። ከሮቢት፣ ከአጣዬ፣ ከከሚሴ ተነሥተው ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱና ከዚያ የሚመለሱ ልጆች ቦሌን ያውቁታል። ሚዛኑ ፊት ያለው ክርክር ሁሉ ስለ ገንዘብ ነው፦ «እህቴ፣ ሦስት ኪሎ ነው ያለፈው፣ በእናትሽ!» ሚዛኑን የሚፈራው ሰው እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ያየዋል። ተርፎ የወጣው ዕቃ ወደ እጅ ቦርሳ ይገባል፤ ሦስት ጃኬት ይደረባል፤ የቀረው ለማታውቃት ሴት «ያዢልኝ» ይባላል። የእጅ ዕቃ በአብዛኛው ለብቻው አይመዘንም፤ በመንገደኛው አማካይ ክብደት ውስጥ ታስቦ ያልፋል። አንዲት ልጅ የደበቀችው አራት ኪሎ አውሮፕላን አይጥልም፤ እንዲህ ብሎ ማስፈራራት ውሸት ነው። ነገር ግን ወደ ቤተሰብ የሚመለሱ ሦስት መቶ ሰዎች ሁሉ አራት አራት ኪሎ ቢደብቁ ከቶን በላይ ነው፤ ይህም በማንም ወረቀት ላይ የለም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ሌላ ቀን ያስታውሳል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው ኢቲ302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ 157 ሰዎችን ይዞ ወደቀ። ያ አደጋ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ እዚያ ቁጥሩን የተሳሳተ ሰው አልነበረም። የግራው ጠቋሚ የአፍንጫውን አንግል 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15 ገደማ ይል ነበር፤ ቦይንግ የሠራው ኤምካስ ግን የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። የመጀመሪያ ሰሞን አንዳንድ የውጭ አስተያየት ሰጪዎች ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ መቀሰራቸው እስከ ዛሬ የሚያንገበግባቸው አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ከሜልቦርን ጋር የሚያገናኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሁለቱም ትክክለኛው ቁጥር እዚያው አውሮፕላን ውስጥ ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ «ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው» የሚሉትን ሦስት መስመሮች ያውቃል። ሦስት ፊርማ አለ። ብዙ ጊዜ ግን ቁጥሩን የፈለገው የመጀመሪያው ሰው ብቻ ነው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ፊርማ አይቶ ይፈርማል፣ ሦስተኛው የሁለቱን። ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ታየ እንጂ አንድ ጊዜም አልተመረመረም። አቪዬሽን ይህን በሽታ ቀድሞ ለይቶታል። በብዙ አየር መንገዶች ደንቡ ሁለቱ አብራሪዎች ስሌቱን ለየብቻ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ ሠርተው እንዲያስተያዩ ነው። ሁለቱም ግን ከአንድ የተሳሳተ የጭነት ሰነድ ከገለበጡ አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ አግኝተው ይስማማሉ።

ኤርባስ በአንዳንድ አዳዲስ አውሮፕላኖቹ ላይ የገባው ክብደትና ፍጥነት ከእውነት የራቀ ሲሆን የሚያስጠነቅቅ፣ አውሮፕላኑ በሚጠበቀው ልክ ካልፈጠነም የሚናገር መሣሪያ ሠርቷል። ጥሩ ጅማሮ ነው። በሁሉም አውሮፕላን ላይ ግን ግዴታ አልሆነም፤ ሰማዩ ላይ ያሉት የቆዩ አውሮፕላኖችም ብዙ ናቸው። እስከዚያው ያለው መከላከያ ሰው ነው፤ ቁጥሩን አይቶ «ይሄ አነሰብኝ» የሚል ሰው። ብዙውን ጊዜ ይህን ማለት ያለበት ደግሞ ታናሹ ነው። ታላቅን ማረም እንደ ድፍረት በሚቆጠርበት አገር ያደገ ልጅ፣ ፀጉሩ የሸበተውን ካፒቴን «ይቅርታ ካፒቴን፣ እንደገና እንየው?» ማለት ምን ያህል እንደሚከብደው መገመት አያዳግትም። ሥልጠናው ቀላል አይደለም፤ ከቤት የተማሩትን በቢሮ መተው ነው።

ሜልቦርን ላይ ዕድሉ ነበር። ዋናው የበረራ ኮምፒውተር ትክክለኛውን ክብደት ይዞ ነበር፤ የተሳሳተው ላፕቶፑ ብቻ ነው። ከመነሣታቸው በፊት ሁለቱ መሣሪያዎች ያወጡት አንድ ፍጥነት እርስ በርሱ እንዲመሳከር ደንቡ ያዝዛል። ላፕቶፑ 225 ኖት ብሏል፣ ዋናው ኮምፒውተር 265። ልዩነቱ በሰዓት 74 ኪሎ ሜትር ነው። አንዱ አብራሪ 265 የሚለውን ጮክ ብሎ አነበበ። ሌላው «ቼክ» አለ።